የእሳተ ገሞራን ጢስ ስለ መለካት

ልጆቼ ሆይ፤ ከእሳተ ገሞራ አፍ ባዜቃና የድኝ ጋዝ ከጢሱ ጋራ ይወጣሉ። ጢስ በሚዛን አይመዘንም፤ ነገር ግን ሊቃውንት በኢጣልያ አገር በኤትና ተራራ መጠኑን የለኩበት ጥበብ እንዲህ ነው።

ወርቅ አንጥረኛ እንደሚያውቀው ባዜቃ ወርቅን በነካ ጊዜ ይጣበቀዋል። ስለዚህ ጢሱን ወርቅ ባለበት ቀጭን ቧንቧ ይስቡታል፤ ኋላም ወርቁን አግለው ባዜቃውን ያስለቅቁትና ይለኩታል። በዚያው ጢስ ውስጥ ያለውንም የድኝ ጋዝ ለክተው አንዱን ከሌላው ጋራ ያነጻጽራሉ።

የድኝ ጋዝ ዓይናችን የማያየውን የፀሐይ ብርሃን ይውጣል። እንግዲህ ከጢሱ በታች እያለፉ የጐደለውን ብርሃንና የነፋሱን ፍጥነት የለኩ እንደ ሆነ፥ ተራራው በቀን የሚተፋው የድኝ ጋዝ ይታወቃል። የቀረው ሒሳብ ነው፤ ለምሳሌ ለ100,000 ኪሎ የድኝ ጋዝ 1 ኪሎ ባዜቃ ቢገኝ፥ ተራራውም በቀን 1,000,000 ኪሎ የድኝ ጋዝ ቢተፋ፥ ባዜቃው 10 ኪሎ ይሆናል።

ይህ ሁሉ ድካም ስለ ምን ነው? በጃፓን አገር በሚናማታ ከፋብሪካ ወደ ባሕር የፈሰሰው ባዜቃ በዓሣ በኩል ወደ ሰው ገባ፤ ደዌውም በአውሮጳ አቈጣጠር በ1956 ዓመት ታወቀ፤ በእናታቸው ማሕፀን የነበሩ ሕፃናት እንኳ ተጐዱ። የተራራው ድርሻ ካልታወቀ፥ ሰው የራሱን በደል በተራራ ያሳብባልና መለካትን ተማሩ።