የደረቀ ኵሬ ስለሚጠብቀው ሕይወት የተነገረ ንግግር



ክረምት አልፎ በጋ ሲገባ በሜዳ ላይ የቀረው ኵሬ ጥቂት በጥቂት ይደርቃል፤ መሬቱ ይሰነጠቃል፤ ከብት ይረግጠዋል፤ ነፋስም አቧራውን ያነሣዋል። ያን ጊዜ የሚያየው ሁሉ ሕይወት የሌለበት ይመስለዋል። ዝናም ሲጥልበት ግን በጥቂት ቀን ውስጥ ውኃው በሚንቀሳቀሱ ፍጥረታት ይሞላል። ጥንት ይህን ያዩ ሰዎች ፍጥረታቱ ከጭቃው የተገኙ መሰላቸው። ነገሩ እንዲህ አይደለም፤ ጭቃ ሕይወትን አይወልድም፥ ሕይወትን ግን በአደራ ይጠብቃል።

ለዚህ ምስክር የምጠራው ፈረንጆች ፌሪ ሽሪምፕ የሚሉትን፥ እኛም በዚህ ንግግር የኵሬ ሽሪምፕ የምንለውን ትንሽ ፍጥረት ነው። የሸርጣን የሩቅ ዘመድ ሲሆን፥ እንደ ሸርጣን ያለ ጠንካራ ልብስ የለውም። ስለዚህ ሊቃውንት ወገኑን ከግሪክ ቃል አውጥተው አኖስትራካ ብለውታል፤ ትርጓሜውም ቅርፊት የሌለው ማለት ነው። ርዝመቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ነው። ሰውነቱ ብርሃን ስለሚያሳልፍ የበላው ምግብ በአንጀቱ ውስጥ ይታያል። ሁለቱ ዐይኖቹ በዘንግ ላይ የቆሙ ናቸው። እግሮቹም በብዙው ወገን 11 ጥንድ ሆነው እንደ ቅጠል የሳሱ ናቸው፤ በእነርሱ ይዋኛል፥ በእነርሱ ይተነፍሳል፥ በእነርሱም ደቃቅ ምግብ ከውኃው አጥልሎ ወደ አፉ ያደርሳል። ይልቁንም የሚያስደንቀው በጀርባው ተንጋሎ ሆዱን ወደ ብርሃን አዙሮ መዋኘቱ ነው። ወንዱ በራሱ ላይ ሴቲቱን የሚይዝበት ትልቅ መያዣ አለው፤ ሴቲቱም ከእግሮቿ በስተኋላ የእንቍላል ከረጢት አላት።

ኑሮው አጭር ነው። እንቍላሉ ውኃና ብርሃን፥ ተስማሚም ሙቀት ሲያገኝ ብዙ ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይፈለፈላል። ጫጩቱ ቆዳውን ደጋግሞ እየለወጠ ያድጋል፤ ውኃው ሞቅ ያለ እንደ ሆነ ከ1 እስከ 3 ሳምንት ውስጥ ለመራባት ይደርሳል። ኵሬው ሳይደርቅ ዘሩን መተው ግድ ነውና ይቸኵላል። ኵሬው ሲደርቅ ወላጆቹ ያልቃሉ፤ እንቍላላቸው ግን በጠንካራ ሽፋኑ ተጠብቆ፥ ድርቀትንና ሐሩርን፥ ውርጭንም ታግሦ በአፈሩ ውስጥ ብዙ ዓመት ይቆያል።

ደግሞም አንድ ዝናም ሲጥል እንቍላሉ ሁሉ አይፈለፈልም፤ ከፊሉ ሲወጣ ከፊሉ ሌላ ዝናም ይጠብቃል። ዝናሙ ቢያታልልና ኵሬው ቶሎ ቢደርቅ የወጡት ይጠፋሉ፥ የቀሩት ግን ዘሩን ያድናሉ። አስተዋይ ገበሬም የመጀመሪያውን ዝናም ዐይቶ የጎተራውን ዘር ሁሉ አይበትንም።

መምህራን ሆይ፥ ይህን ለሕፃናት በዐይናቸው አሳዩአቸው። ዓሣ ከሌለበትና በየዓመቱ ከሚደርቅ ኵሬ ወለል ሁለት እፍኝ ደረቅ አፈር ውሰዱ። በነጭ ሳፋ ወይም በሰፊ ብርጭቆ ዕቃ አድርጋችሁ አንድ ስንዝር ያህል ንጹሕ የዝናም ውኃ ጨምሩበት፤ መዳብ ይመርዛቸዋልና የመዳብ ዕቃ አይሁን። ብርሃን ባለበት፥ ነገር ግን ፀሓይ በማያቃጥልበት ስፍራ አኑሩት። ጫጩቶቹ ከታዩ በኋላ በጣት ጫፍ የተቈነጠረ እርሾ በውኃ በጥብጣችሁ ጥቂት ጠብታ ስጡአቸው። ውኃው ደፍርሶ ከዋለ እስኪጠራ ድረስ ሌላ ምግብ አትጨምሩ፤ ከረኃብ ይልቅ የተበላሸ ምግብ ይገድላቸዋልና። ውኃው ሲሸት ከፊሉን ቀድታችሁ በዝናም ውኃ ተኩ። ሕፃናቱም አፈሩን ከነኩ በኋላ እጃቸውን ይታጠቡ። በመጨረሻ ውኃው ይድረቅ፤ አፈሩን በወረቀት ጠቅልላችሁ አቈዩና በሚመጣው ዓመት እንደ ገና አርጥቡት። በመጀመሪያው ጊዜ አንዳች ባይታይ አፈሩን አድርቃችሁ ደግማችሁ አርጥቡ፤ ፍጥረቱ በኵሬው ሁሉ አይገኝም፥ ሁለተኛውንም ውኃ የሚጠብቅ እንቍላል አለ።

ሽማግሎች ሆይ፥ ለእናንተም አንድ ነገር አለኝ። በአሜሪካ አገር በካሊፎርኒያ እንዲህ ያሉ ኵሬዎች እየታረሱና ቤት እየተሠራባቸው እጅግ ስላነሱ፥ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1994 ዓመተ ምሕረት መንግሥት ሦስት የኵሬ ሽሪምፕ ወገኖችን በሕግ ጥበቃ ሥር አገባ። ድርቅ ያልፈጃቸውን የሰው ሥራ ሊፈጃቸው ደርሶ ነበርና። ይህ ፍጥረት ውኃው ሲሄድ አይጠፋም፤ አፈሩ ሲወሰድ ወይም ሲደፈን ግን የብዙ ዓመት ዘሩ ሁሉ አብሮ ይጠፋል። እንግዲህ በመንደራችሁ ያለውን ደረቅ ኵሬ ለመድፈን ስትመክሩ፥ አስቀድማችሁ ከአፈሩ ጥቂት ለመምህሩ ስጡ፤ ሕፃናቱም በሳፋ ያዩትን ይንገሩአችሁ። ከዚያ በኋላ ዐውቃችሁ ትፈርዳላችሁ።