የአቃቂ ድምፅና የሮማ ምስል
የኢትዮጵያ ሴት በኢጣልያ ሲኒማ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



በፋብሪካዎቿ የምትታወቀው አቃቂ በሰቃ ሌላም ታሪክ አላት። የአገራችን የመጀመሪያው የራዲዮ ጣቢያ የቆመው በአቃቂ ነው። የሠራው አንሳልዶ የተባለው የኢጣልያ ኩባንያ ሲሆን፣ በ1935 ተመረቀ፤ እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። በዚያው ዓመት በመስከረም፣ የፋሺስት ጦር መረብን ሊሻገር ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ እቴጌ መነን በራዲዮ ለዓለም ሴቶች ስለ ሰላም ተማጠኑ። ልዕልት ፀሐይም የእናታቸውን ቃል በእንግሊዝኛ አሰሙ። ኢትዮጵያዊት ሴት ለዓለም በራሷ አንደበት ተናገረች ማለት ነው።

ከወረራው ጋር የመጣው ሲኒማ ግን ይህን አንደበት አልፈለገውም። በ1937 በወጣው «የነሐስ ዘቦች» ፊልም የሱማሌዋን ሴት የተጫወተችው የሊቮርኖ ተወላጅ ዶሪስ ዱራንቲ ናት፤ ቆዳዋን አጥቁራ። ይህችው ተዋናይት በ1938 «ከደቡብ መስቀል በታች» በተባለው፣ ታሪኩ በኢትዮጵያ በሚፈጸም ፊልም፣ የሰፋሪዎችን ልብ የምታሸፍት ክልስ ሴት ሆነች። በ1937 የፋሺስት መንግሥት ኢጣልያዊ ከቅኝ ግዛት ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት ቢኖር እስከ 5 ዓመት የሚያሳስር ሕግ አውጥቶ ነበር። ሕጉ የከለከላትን ሴት ፊልሙ አጓጊ አደጋ አድርጎ ሣላት። የተከለከለችውም የተሣለችውም አንድ ቃል አልተጠየቀችም።

ከጦርነቱ በኋላ የኢጣልያ ሲኒማ ዓይኑን ገለጠ። በሮሴሊኒ «ሮማ፣ ክፍት ከተማ» (1945) አና ማኛኒ የተራዋን ሮማዊት ቁጣና ሐዘን በአደባባይ አቆመች። በዴ ሳንቲስ «መራራ ሩዝ» (1949) የሩዝ ማሳ ሠራተኞች ሴቶች ታዩ፤ ይሁን እንጂ ካሜራው ከድካማቸው ይልቅ የሲልቫና ማንጋኖን ገላ ማዘውተሩ አልቀረም። ያም ሆኖ ኢጣልያዊቷ ሴት ስምና ኑሮ ተሰጣት። ለኢትዮጵያዊቷ ግን ያ በር አልተከፈተም። ሮሴሊኒ ራሱ በ1938 በኢትዮጵያ ጦርነት ላይ ለተሠራው «ሉቻኖ ሴራ፣ አብራሪ» ድርሰት ከጻፉት አንዱ ነበር፤ ወደዚያ ታሪክ በካሜራው አልተመለሰም።

በ1970ዎቹ እውነተኛ ፊት ታየ። የደቀምሐሬዋ ተወላጅ ዘውዲ አርአያ በ1972 «የጨረቃ ቆዳ ያላት ልጃገረድ» በተሰኘው ፊልም ዝናን አተረፈች፤ ርእሱ ግን ቆዳዋን እንጂ ሰውነቷን አልጠራም። ከኤርትራ የምትወለደው ኢኔስ ፔሌግሪኒ በፓዞሊኒ «የሺሕ አንድ ሌሊት አበባ» (1974) ጌታዋን ራሷ የምትመርጥ፣ ኋላም የምትነግሥ ባሪያ ሆና ተጫወተች። ይህ ትልቅ እርምጃ ነበር፤ የተገኘው ግን በተረት ዓለም ውስጥ ነው። በ1989 ከፍላያኖ ልብ ወለድ የተሠራው «የመግደያ ጊዜ» ወረራውን በድፍረት አነሣ። ሆኖም የታሪኩ ኅሊና የገዳዩ መኮንን ነው፤ የተገደለችው ኢትዮጵያዊት ቋንቋዋ ሳይሰማ ታልፋለች። ቀረጻውም የተከናወነው በዚምባብዌ ነበር።

ይህ የባለሙያውን ሥራ በቀጥታ ይነካል። ስለ ወረራው ዘመን ፕሮግራም የሚያዘጋጅ ሁሉ የሚያገኘው ተንቀሳቃሽ ምስል በአመዛኙ የሉቼ ተቋም ነው። የአያቶቻችን ፊት ለእኛ የተረፈው በወራሪው ካሜራ ነው። ምስሉን አንጠቀም ማለት አያቶቻችንን ዳግመኛ መሰወር ይሆናል፤ ዝም ብሎ ማሳየትም የወራሪውን ዓይን መዋስ ነው። ስለዚህ ማን እንደ ቀረጸ፣ ለምን እንደ ቀረጸ፣ የተቀረጸችው ምን እንዳትል እንደ ተደረገች አብሮ መናገር የሙያው ግዴታ ነው።

አቃቂ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎቿ ጉልበታቸውን ያፈሰሱ ሴቶችም አሏት። የሩዝ ማሳዋ ሴት ፊልም ካገኘች የአቃቂዋ ፈታይ ለምን ታጣለች? የሚቀርጻት ባለሙያ ግን ካሜራውን ከመክፈቱ በፊት ድምፅ መቅጃውን ይክፈት።