የሜዳልያና የገንዘብ ጥናት ምንጮች፦ ከፊላደልፊያ እስከ አዲስ ቅዳም

(በአዲስ ቅዳም ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



በዕድሜ የገፉ ሰዎች ዐሥር ሳንቲም ሲባል ወዲያው የሚታወሳቸው በአንድ ወገኑ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መልክ፣ በሌላው ወገኑ ዓርማ የያዘው አንበሳ የተቀረጸበት የመዳብ ገንዘብ ነው። በላዩ የተጻፈው ዓመተ ምሕረት ፲፱፻፴፮ ይላል። በስሟ ውስጥ ቅዳሜን የያዘችው አዲስ ቅዳምን በመሰሉ የገበያ ከተሞች ሁሉ ይህ ገንዘብ ለሠላሳ ዓመታት ያህል ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ኖሯል። የንጉሠ ነገሥቱን መልክ ለዚያ ሳንቲም የቀረጸው ጆን ሲኖክ፣ አንበሳውን የቀረጸው ደግሞ ጊልሮይ ሮበርትስ የሚባሉ፣ ሁለቱም በፊላደልፊያ የአሜሪካ መንግሥት የገንዘብ ማተሚያ ቤት ያገለገሉ ቀራፂያን መሆናቸውን የሚያውቅ ግን ጥቂት ሰው ነው።

ሲኖክ ከ1925 እስከ 1947 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የማተሚያ ቤቱ ዋና ቀራፂ ነበር። የአሜሪካ ወታደር ሲቆስል የሚሸለመውን «ሐምራዊ ልብ» የተባለ ሜዳልያ በ1932 የቀረጸው እርሱ ነው። የፕሬዚዳንት ሩዝቬልት መልክ ያለበት የአሜሪካ ዐሥር ሳንቲም በ1946 ሲወጣ ከሥሩ ባኖራቸው ሁለት የስሙ ፊደላት ምክንያት አንዳንድ ተጠራጣሪዎች «ጆሴፍ ስታሊን ማለት ነው» ብለው አስወርተው ነበር። ነገሩ ያስቃል፤ ነገር ግን በአንድ ሳንቲም ጥግ ላይ ያለች ጥቃቅን ፊደል ምን ያህል ቁም ነገር እንደምትሸከም ያሳያል። ሮበርትስም ሲኖክን ተክቶ ዋና ቀራፂ ሆነ፤ በ1964 የወጣውን የኬኔዲን ግማሽ ዶላር መልክ ቀረጸ። እንግዲህ የአሜሪካን የሜዳልያ ጥበብ ለማጥናት የሚነሣ ኢትዮጵያዊ ውቅያኖስ ከመሻገሩ በፊት የአያቱን ኪስ ቢፈትሽ ይበጀዋል።

በዚህ ንግግር «ሜዳልያ» የሚለው ቃል ሰፋ ባለ ትርጉሙ ይሠራበታል። ኒሻን የክብር ማዕረግን የሚያመለክት ምልክት ነው፤ የጦር ሜዳልያ ላገልግሎት የሚሰጥ ምስክር ነው፤ የጥበብ ሜዳልያ ግን ለማንም ሳይሸለም፣ ለመታየትና በእጅ ለመዳሰስ ብቻ የተሠራ ትንሽ ሐውልት ነው። ሳንቲምና ብር መገበያያ ናቸው። አራቱም ከብረት ማኅተም ሥር የሚወጡ ስለሆኑ የአሠራራቸው ጥናት አንድ ነው።

ስለ አሠራሩ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል፤ መሐንዲስ ለሆነ አድማጭ ነገሩ ከዚህ ይጀምራልና። ቀራፂው በመጀመሪያ መልኩን በሸክላ ጭቃ ወይም በጀሶ በትልቁ ይሠራል፤ ስፋቱ ከሚወጣው ሜዳልያ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ከዚያ የፓሪሱ ሰው ዣንቪዬ ባሻሻለውና በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ወደ አሜሪካ በገባው የማሳነሻ መኪና አማካይነት፣ በአንድ ጫፍ ያለው እርሳስ መሰል መርፌ የትልቁን ቅርጽ ገጽ እየዳሰሰ ሲዞር በሌላው ጫፍ ያለው መቁረጫ ያንኑ በትንሹ ብረት ላይ ይፈለፍላል። መሣሪያው በመሠረቱ የማንሻ ሕግ ነው። ቀድሞ ማኅተም በቀጥታ በእጅ ሲፈለፈል የነበረውን ሥራ ለሐውልት ሠሪዎች ክፍት ያደረገው ይህ መኪና በመሆኑ፣ የአሜሪካ የጥበብ ሜዳልያ ታሪክ ከፊሉ የመኪና ታሪክ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አሜሪካኖች በዚህ ሙያ ከአውሮፓ ዘግይተው ቢነሡም በአንድ ነገር ቀድመዋል፤ ይኸውም መዝገብ በመያዝ ነው። በ1908 የተቋቋመው «የሜዳልያ ወዳጆች ክበብ» እስከ 1915 ባወጣቸው ሥራዎች እያንዳንዱን ሜዳልያ ስለ ጉዳዩ ከሚናገር መጽሐፍ ጋር አያይዞ ለአባላቱ ያድል ነበር። በ1930 የተመሠረተው «የሜዳልያ ቀራፂያን ማኅበር» ደግሞ በዓመት ሁለት ሜዳልያ እያወጣ እስከ 1995 ዘለቀ፤ ከያንዳንዱም ጋር የቀራፂው ማብራሪያ ያለበት ወረቀት ይላክ ነበር። ዴቪድ አሌግዛንደር የሁለቱን ማኅበራት ሥራ ሰብስቦ በ2010 ሲያሳትም ብዙውን ያገኘው ከነዚህ ወረቀቶች ነው። መጽሐፉን ያሳተመው በ1858 በኒው ዮርክ የተቋቋመው የአሜሪካ የገንዘብና የሜዳልያ ጥናት ማኅበር ነው። ይኸው ማኅበር አብዛኞቹን ሜዳልያዎች ያተመው ኩባንያ ሥራው ሲያበቃ ማኅተሞቹንና መዛግብቱን በ2018 ወስዶ ከብተና አዳነ። ብረቱ እንደ ቁርጥራጭ ሊሸጥ ይችል ነበር፤ ወረቀቱም እንደዚያው። ዛሬ የማኅበሩን የዕቃ ዝርዝር በኢንተርኔት መመልከት ይቻላል፤ በሴንት ሉዊስ የሚገኘው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የሚያስተናግደው የኒውማን ቤተ መዛግብትም የቆዩ የጨረታ ዝርዝሮችንና መጽሔቶችን ያለ ክፍያ ያስነብባል።

ወደ ኢትዮጵያ ሲመለሱ ነገሩ ይለወጣል። ዕቃው ሞልቷል፤ ወረቀቱ ግን የተበታተነ ነው።

ስለ አክሱም ገንዘብ የሚያጠና ሰው የተሻለ ዕድል አለው። ስቱዋርት ማንሮ ሃይ በ1984 ያሳተመው ጥናት ከሦስተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ከነበረው ከንጉሥ እንዱቢስ ጀምሮ የወርቁን፣ የብሩንና የነሐሱን ገንዘብ ተራ በተራ ያስረዳል። በኢዛና ዘመን የጨረቃው ምልክት በመስቀል መተካቱ ሁሉም የሚያውቀው ነው፤ ለመሐንዲስ ይበልጥ የሚያስደንቀው ግን አክሱማውያን በብርና በነሐስ ገንዘባቸው ላይ ወርቅ መለበጣቸው ነው። እንዲህ ባለች ጠባብ ገጽ ላይ፣ ለዕለት መገበያያ በሚሆን ገንዘብ፣ ይህን የመሰለ ሥራ የሠራ ሌላ መንግሥት በጥንቱ ዓለም አይታወቅም።

ለኋለኛው ዘመን ዴኒስ ጊል በ1991 የኢትዮጵያን፣ የኤርትራንና የጣልያን ሶማሊያን ገንዘብ የሚዘረዝር መጽሐፍ አውጥቷል። ሪቻርድ ፓንክረስትም ስለ ማርያ ቴሬዛ ብር በጆርናል ኦቭ ኢትዮጵያን ስተዲስ ጽፈዋል። ሕጉን ለሚፈልግ ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ የወጣው ነጋሪት ጋዜጣ አለ። ከጣልያን ወረራ በኋላ አዲሱ ገንዘብ ሥራ ላይ የዋለው ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. ሲሆን ለሃምሳ ሳንቲሙ የሚሆነው ብር የመጣው ከአሜሪካ ነበር። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ እንዲሁም ወመዘክር፣ ተመራማሪው አስቀድሞ ሊያንኳኳቸው የሚገቡ በሮች ናቸው።

ስለ ኒሻንና ሜዳልያ ግን በአማርኛ የተሟላ ዝርዝር የለም ማለት ይቻላል። የሰሎሞን ማኅተም ኒሻን በዐፄ ዮሐንስ ዘመን በ1874፣ የዳግማዊ ምኒልክ ኒሻን በ1924፣ የቅድስት ሥላሴ ኒሻን በ1930 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር መቋቋማቸው ይታወቃል። ማን፣ የት፣ በስንት ቁጥር ሠራቸው የሚለው ጥያቄ ግን መልስ የሚያገኘው ብዙ ጊዜ ከዕቃው ጀርባ ነው። ከፓሪስ የመጣው የአርቱስ ቤርትራንን ስም ይዞ ይገኛል፤ በአዲስ አበባ የተሠራው የአርመናዊውን የወርቅ ሠሪ የሴቫጂያንን ምልክት ይዞ ይገኛል። ይህቺ ምልክት ብትፋቅ አንድ ምዕራፍ አብሮ ይፋቃል። ለኮሪያ ዘማቾች የተሰጠው የተባበሩት መንግሥታት ሜዳልያ ሳይቀር በአማርኛ ጽሑፍ የተሠራ ዓይነት አለው፤ በብዙ ቤት ግን የውጭ አገር ዕቃ ተብሎ ችላ ይባላል።

የማርያ ቴሬዛ ብር፣ ማለትም ጠገራ ብር፣ ረዘም ያለ ቃል ይገባዋል። ንግሥቲቱ በ1780 ከሞቱ በኋላ ያው ዓመት እንደተጻፈበት እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት ድረስ ሲመታ የኖረ ገንዘብ ነው። በኢትዮጵያም መገበያያ ብቻ ሳይሆን የሚዛን መለኪያ ነበር፤ ወቄት የሚባለው ክብደት በአንድ ብር ይለካ ነበርና። ጣልያን በ1935 ማኅተሙን ከኦስትሪያ ወስዶ በሮማ መታ፤ በ1936 እንግሊዝ በለንደን መታ፤ በጦርነቱም ጊዜ በቦምቤይ ተመታ። በ1933 ዓ.ም. የእንግሊዝና የአርበኞች ጦር በበላያ አድርጎ ወደ እንጅባራና ቡሬ ሲያልፍ ከጥይቱ ጋር ጠገራ ብር ጭኖ ነበር። ስለዚህ በአዊ በአንዲት እናት አንገት ላይ ያለ ብር የቪየና ሥራ ነው ብሎ መቁረጥ አይቻልም። የጭንቅላቱ ጌጥ ዕንቁዎች፣ የንስሩ የጅራት ላባዎች ቁጥርና በጠርዙ ላይ ያለው ጽሕፈት እየተነጻጸሩ የትውልድ አገሩ ይለያል።

እውነተኛነቱን ለመፈተን ደግሞ ትልቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ትክክለኛው ብር 28.07 ግራም ይመዝናል፤ ከሺህ 833 እጁ ንጹሕ ብር፣ ቀሪው መዳብ ነው። በቀጭን ክር ተንጠልጥሎ በውኃ ውስጥ ሲመዘን ክብደቱ በ2.75 ግራም ያህል መቀነስ አለበት። ከመዳብ፣ ከኒኬልና ከዚንክ የተቀየጠ አስመስሎ የተሠራ፣ ክብደቱ እኩል ቢሆን እንኳ፣ ከ3.2 ግራም በላይ ይቀንሳል። በዚሁ ዘዴ ሌላም ነገር ይገኛል። የ1936ቱ ሃምሳ ሳንቲም መጀመሪያ ከሺህ 800፣ በኋላ ከሺህ 700 እጅ ብር እንዲኖረው ሆኖ ተመቷል፤ በላዩ ያለው ዓመት ግን አልተለወጠም። በዓይን አይለይም፤ በውኃ ሲመዘን ግን በሁለቱ መካከል 12 ሚሊግራም ያህል ልዩነት ይታያል። ጥሩ ሚዛን ያለው ሰው ማኅተሙ የደበቀውን ያነባል። በኤክስሬይ የሚመረምረው ዘመናዊ መሣሪያ ፈጣን ቢሆንም የሚያየው የላይኛውን ገጽ ብቻ ነው፤ ያረጀ ብር ገጹ ከውስጡ ይልቅ በብር የበለጸገ ስለሚሆን የመሣሪያውን ቁጥር ብቻ ማመን አይገባም።

ማጽዳት የሚባለው ነገር ይከልከል። በአመድ፣ በአሸዋና በሎሚ የተፈተገ ሜዳልያ ያበራል፤ ነገር ግን የቀራፂው የመጨረሻ ጭረትና የሠሪው ምልክት አብረው ሄደዋል። የተበሳ ወይም ማንጠልጠያ የተበየደበት ብርም አይናቅ። የውጭ አገር ነጋዴ ዋጋውን ዝቅ ያደርገዋል፤ ለታሪክ ግን ያ ቀዳዳ ብሩ ከገበያ ወጥቶ ወደ አንገት ጌጥነት የተሻገረበት ደጃፍ ነው። አልቦውና ድሪው ከቀለጠ ጠገራ እንደተሠራ አንጥረኞች ሁሉ ያውቁታል፤ ከነሱ አፍ የሚገኘው የማቅለጥና የመቀየጥ ዕውቀት በየትኛውም ቤተ መጻሕፍት አልተቀመጠም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበው የአርበኞቹ ሜዳልያ ጉዳይ ነው። ጎጃም አምስቱን ዓመት በዱር ያሳለፈ አገር ነው። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተውም ጠላት ገና ከአገር ሳይወጣ ነበር። ከድል በኋላ የተሰጡት የአርበኝነት ሜዳልያዎችና የድል ኮከቦች ዛሬ በልጅ ልጆች ሣጥን ውስጥ ናቸው። ሜዳልያው በብዛት የተመታ ስለሆነ ብቻውን ሲታይ አንዱ ከሌላው አይለይም፤ የሚለየው ከምስክር ወረቀቱ፣ ከፎቶግራፉና «ይህ የእገሌ ነው» ከሚለው ቃል ጋር ሲሆን ነው። ልጆች ውርስ በሚከፋፈሉበት ቀን ወረቀቱ ለአንዱ፣ ሜዳልያው ለሌላው ሲደርስ፣ በማግሥቱ ሜዳልያው ብረት፣ ወረቀቱ ደግሞ ቆሻሻ ይሆናል። ይህ በአንድ ቤት በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚሆን ጥፋት ነው፤ አሜሪካኖቹ መዝገባቸውን ከብተና ያዳኑበት ዓይነት ተቋም በመካከሉ አይቆምም።

ስለዚህ ሰብሳቢ ለመሆን የሚያስብ የማኅበሩ አባል ከመግዛቱ በፊት መመዝገብን ይልመድ። ሥራው የሚጠይቀው የእጅ ሚዛን፣ የውፍረት መለኪያ፣ ፎቶ ማንሻና ትዕግሥት ነው። ፎቶግራፉ ከፊት ለፊት ሳይሆን ከጎን በሚመጣ ብርሃን ይነሣ፤ ያን ጊዜ የቅርጹ ከፍታና ዝቅታ ይጎላል። የፊቱ፣ የጀርባውና የጠርዙ ምስል፣ ክብደቱ፣ ስፋቱ፣ የጥብጣቡ ቀለማት በየተራቸው፣ በጥብጣቡ ላይ ተጨማሪ ምልክት ካለም እርሱ፣ በአንድ ገጽ ይጻፉ። ባለቤቱ ከፈቀዱ የተሸላሚው ስም፣ የዘመቱበት ቦታና አለቃቸው ይታከል። አዛውንቱን ሲጠይቁ «ዋጋው ስንት ነው?» ብሎ መጀመር ነውር ብቻ ሳይሆን መልሱንም ያበላሻል፤ «አባባ፣ ይህን ማን አጠለቀልዎ?» ተብሎ ቢጀመር ሌላው ሁሉ ይከተላል። ለዚህ ሥራ ጥር 23 ቀን ፈረሰኞቹ በእንጅባራ የሚሰበሰቡበት በዓልና ሚያዝያ 27 ቀን የድል በዓል ምቹ ናቸው።

ሕጉም መታወቅ አለበት። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል፤ በአጋጣሚ ከመሬት የተገኘ ቅርስም ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት እንዲነገር ያዛል። ለመንገድ ወይም ለመሠረት ቁፋሮ የሚያዝ መሐንዲስ ይህን አንቀጽ ከማንም በላይ ሊያውቀው ይገባል፤ የአክሱም ሳንቲም ከቁፋሮ አፈር ጋር በገልባጭ መኪና ተጭኖ ሊሄድ ይችላልና።

የተሞላው የመዝገብ ገጽ በሦስት ቅጂ ይዘጋጅ። አንዱ ከሜዳልያው ጋር በቤተሰቡ ሣጥን ይቀመጥ፤ ሁለተኛው ለዞኑ የባህል መሥሪያ ቤት ይሰጥ፤ ሦስተኛው ለኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ይላክ። ለቤተሰቡ የሚሰጠው ቅጂ በወፍራም ወረቀት ላይ፣ ከሜዳልያው ስፋት ጋር እኩል በሆነ ፎቶግራፍ ቢዘጋጅ፣ ሣጥኑን ነገ የሚከፍት ልጅ ዕቃውንና ወረቀቱን አጋጥሞ ለማየት አይቸገርም።