ምቹ ጊዜ ብቻውን ሪፐብሊክ አያጸናም
(የፓርቲው ዋና ጸሐፊ ለመራጮች ካደረጉት ንግግር)



ሪፐብሊካችን የተመሠረተው ለየትኛውም ትውልድ በቀላሉ በማይገኝ ምቹ ወቅት ነበር። በግንቦት 1983 ዓ.ም. የደርግ አገዛዝ ወደቀ፤ ረጅሙ የእርስ በርስ ጦርነትም አበቃ። አገራችንን የልዕለ ኃያላን መፎካከሪያ ያደረጋት የቀዝቃዛው ጦርነትም አከተመ። የሽግግር ወቅቱ ቻርተር የመናገርና የመደራጀት ነፃነትን አወጀ። ሕዝቡም ሰላም ናፍቆ ነበር።

ይሁንና ዝናብ በወቅቱ ቢጥልም ያልታረሰ ማሳ ሰብል አይሰጥም። ሕገ መንግሥቱ ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. ሲጸድቅ ዋና ዋናዎቹ ተቃዋሚዎች በጉባኤው አልነበሩም። አንቀጽ 12 የመንግሥትን ተጠያቂነት፣ አንቀጽ 102 ከማንኛውም ተጽዕኖ ነፃ የሆነ የምርጫ ቦርድን ደነገጉ፤ በተግባር ግን በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ማግስት የዜጎች ደም ፈሰሰ። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ በሰሜን አገራችን ጦርነት ፈነዳ።

ስለዚህ እኛ ሌላ ምቹ ጊዜ እስኪመጣ አንጠብቅም። ብትመርጡን፦

1. ማንንም የማያገል ብሔራዊ ድርድር እንጠራለን፤
2. የፍርድ ቤቶችንና የምርጫ ቦርድን ነፃነት በተግባር እናስከብራለን፤
3. ብንሸነፍ ውጤቱን ተቀብለን ሥልጣን በሰላም እናስረክባለን።

ሪፐብሊክ የሚጸናው ተሸናፊውም የእኔ ነው ሲለው ነው!