ቃሉ ሲመረጥ እኛም እንገኝ

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ከተደረገ ንግግር)



ኮሚቴው ስለ ኦፕን ሶርስ የበጎ ፈቃድ ቀን ጥቂት እንድናገር ጠይቆኛል። ከጥቂት አባሎቻችን ጋር በእንዲህ ያሉ ቀኖች ላይ ስናገለግል ቆይተናል። ብዙዎቻችሁ «እኔ ስለ ኮምፒውተር ምን አውቄ?» እንደምትሉ ስለማውቅ፣ ዛሬ የምናገረው በተለይ ለእናንተ ነው።

ኦፕን ሶርስ፣ በአማርኛ ክፍት ምንጭ የምንለው ሶፍትዌር፣ የውስጥ አሠራሩ ለሁሉም የተገለጠ ነው። ማንም ሊጠቀምበት፣ ከፍቶ ሊያየው፣ ሊያሻሽለውና ለሌላ ሊያካፍለው ይችላል። የማኅበራችን ድረ ገጽ የተሠራበት ዎርድፕረስ እንዲህ ያለ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረ ሲሆን፣ ዛሬ በዓለም ካሉት ድረ ገጾች ከአሥሩ አራቱ ያህል የሚሠሩት በእሱ ነው። እኛም ለሶፍትዌሩ አንድ ሳንቲም አልከፈልንም። የምንከፍለው ለአድራሻውና ገጹ ለሚቀመጥበት ቦታ ብቻ ነው።

የእድርን ዕቃ አስቡት። ድንኳኑ፣ ብረት ድስቱ፣ አግዳሚ ወንበሩ የሁሉም ነው፤ ኀዘን የደረሰበት ሁሉ ይገለገልበታል። ነገር ግን ድስቱን የሚያጥብ፣ የተቀደደውን ድንኳን የሚሰፋ ከጠፋ እድሩ ብዙ ሳይቆይ ባዶውን ይቀራል። ሶፍትዌርም እንደዚሁ ነው። ኦፕን ኤስ ኤስ ኤል የሚባል ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር አለ፤ በኢንተርኔት የምንልከው የይለፍ ቃልና የባንክ ቁጥር በመንገድ ላይ እንዳይነበብ ይጠብቃል። እ.ኤ.አ. በ2014 «ሃርትብሊድ» የተባለ ትልቅ ቀዳዳ ተገኘበት። ስፍር ቁጥር የሌላቸው ድርጅቶች ይገለገሉበት የነበረውን ይህን ሶፍትዌር የሚንከባከቡት በጣት የሚቆጠሩ ሰዎች እንደነበሩ፣ በዓመት የሚደርሳቸውም ስጦታ 2,000 ዶላር ገደማ እንደነበረ ብዙ ሰው የሰማው ያን ጊዜ ነው። ሁሉም ይጠቀም ነበር፤ ድስቱን የሚያጥበው ግን ጥቂት ነበር።

የበጎ ፈቃዱ ቀን እንግዲህ ደቦ ማለት ነው። ሰዎች ለአንድ ቀን ተሰብስበው፣ በየጠረጴዛው ተከፋፍለው፣ የጋራውን ዕቃ ይጠግናሉ። ከእኛ ብዙም በማይርቀው በናሽናል ሃርበር፣ ሜሪላንድ እ.ኤ.አ. በ2023 የተካሄደው የአሜሪካ የዎርድፕረስ ጉባኤ የመጀመሪያ ቀኑን የሰጠው ለዚህ ሥራ ነበር። እኛ የተሳተፍንባቸው ግን ትንንሾች ናቸው፤ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አንድ ክፍል፣ ጥቂት ጠረጴዛ፣ ቡናና ዳቦ። አንዱ ጠረጴዛ ኮድ ይጽፋል፤ ሌላው የአጠቃቀም መመሪያ ያርማል፤ ሌላው ለተቸገረ ሰው ጥያቄ መልስ ይሰጣል፤ ሌላው ይተረጉማል። ኮድ የሚጠይቀው አንዱ ጠረጴዛ ብቻ ነው። እኛ የተቀመጥነው ትርጉሙ ላይ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። እንግሊዝኛ ትእዛዝ ሲሰጥ ወንድና ሴት አይለይም። አማርኛችን ግን ይለያል። ስልካችሁንና ኮምፒውተራችሁን በአማርኛ አድርጋችሁ ስትከፍቱ ምን እንደሚላችሁ ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ብዙ ጊዜ «ግባ»፣ «አስቀምጥ»፣ «ተመለስ»፣ «ላክ» ነው የሚለው። ለወንድ ነው የሚናገረው። ያውም አንተ እያለ! ሰባ ዓመት የሞላቸውን እናታችንን «ተመለስ» ይላቸዋል። ይህ የተርጓሚው ክፋት አይደለም። ቃሉ የቀረበለት ብቻውን፣ ያለ አረፍተ ነገር ነው፤ ቶሎ የመጣለትን ጻፈ። አጠገቡ «ለእኔስ?» የምትል ሴት ብትኖር ግን ደግሞ ያስብበት ነበር።

እኛ በጠረጴዛችን ዙሪያ ተነጋግረን መፍትሔ ያገኘነው ሩቅ ሳንሄድ ነው። አማርኛ ለማናውቀው ሰው የምንናገርበት የአክብሮት ቃል አለው፤ «ይግቡ»፣ «ያስቀምጡ»፣ «ይመለሱ»። ለወንድም ለሴትም እኩል ይሆናል፤ ትንሽም ትልቅም አያስቀይምም። ከዚያ የሚከብድ ደግሞ አለ። አንድ ሰው በገጻችን ላይ አስተያየት ሲጽፍ፣ ሶፍትዌሩ ስሙን ራሱ አስገብቶ «እገሌ አስተያየት ሰጠ» ይላል። ሰጪዋ ሴት ብትሆንስ? ፕሮግራሙ አያውቅም። «ከእገሊት የቀረበ አስተያየት»፣ «ከእገሌ የቀረበ አስተያየት» እንዲል አድርገን ብናዞረው ግን ጾታ የሚለየው ግስ ከነጭራሹ ይቀራል። ይህን ለማግኘት የኮምፒውተር ትምህርት አያስፈልግም። ቋንቋውን በአፍ ፈትቶ ማደግ ይበቃል።

ሌላ ምሳሌ ልጨምር። እንግሊዝኛው የጀመሩትን ነገር መተውና ያለውን ነገር ማጥፋት በሁለት የተለያዩ ቃላት ይጠራል። በአማርኛ ሁለቱንም «ሰርዝ» ማለት ይቻላል። ሁለቱ ቁልፎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ታዲያ ሰው የቱን ይንካ? ስንከራከር፣ ልጇን ለማድረስ መጥታ ከእኛ ጋር ቡና ትጠጣ የነበረች አንዲት እህታችን፣ «የመጀመሪያውን ‹ይቅር› በሉት፣ ሁለተኛውን ‹ይጥፋ› በሉት» አለች። ክርክሩ በዚያው አለቀ። የሕፃናት ተንከባካቢ ናት። በዚያ ቀን ከሁላችንም የበለጠ የጠቀመችው እሷ ናት ብል ማጋነን አይሆንም።

አሠራሩ ቀላል ነው። አካውንት ይከፈታል፤ በግራ እንግሊዝኛው፣ በቀኝ ባዶ ቦታ ይቀርባል። የጻፋችሁት ሐሳብ ሆኖ ይመዘገብና የቋንቋው አራሚ አይቶ ሲያጸድቀው ሥራ ላይ ይውላል። መጠንቀቅ ያለብን፣ በአረፍተ ነገሩ መካከል የመቶኛ ምልክት ያለበት ቦታ ስናይ እንዳናጠፋው ነው። ስም ወይም ቁጥር የሚገባው እዚያ ላይ ነው። ግሳችን መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ግን ቦታውን ማዘዋወር እንችላለን።

ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር አለ። አራሚ ከሌለ የተጻፈው ሁሉ ወረፋ ላይ ይቀራል። ስለዚህ የአንድ ቀን ደቦ ብቻውን አይበቃም። ከመካከላችን ሁለት ሦስት ሴቶች በየሳምንቱ ግማሽ ሰዓት እየሰጡ፣ ሥራቸው ታይቶ፣ ወደ አራሚነት መድረስ አለባቸው። ቃሉ የሚጸናው እዚያ ነው።

አንዳንድ አባሎቻችን «ሀብታም ኩባንያዎች ለሚያተርፉበት ነገር ለምን በነፃ እንሠራለን?» ብለው ጠይቀውኛል። ጥያቄው ትክክል ነው። በዎርድፕረስ ብዙ ገንዘብ የሚያገኙ ኩባንያዎች አሉ። ነገር ግን የዎርድፕረስ ፈቃድ፣ ሶፍትዌሩን አሻሽሎ የሚያሰራጭ ሰው ያሻሻለውን በዚያው ነፃነት እንዲያካፍል ያስገድዳል። የምንጨምረውን አማርኛ ማንም ዘግቶ ከእኛ ሊነጥቀን አይችልም። ደግሞም እኛ ከባዶ አልተነሣንም። ፊደላችን በየኮምፒውተሩ እንዲነበብ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ እንዲገባ የደከሙ ሰዎች ነበሩ። ዛሬ በቴክስት ከእናቶቻችን ጋር በአማርኛ የምንጻጻፈው በእነሱ ድካም ነው። ወንፈል እንደዚህ ነው፤ የእኔን ማሳ አርሰሃል፣ ተራው የእኔ ነው።

ይህን ስል የበጎ ፈቃድ ሥራ ለሴት ርካሽ እንዳልሆነ አልዘነጋም። ቅዳሜ ሥራ የምትገባ ነርስ አንድ ቀን ብትቀር የቀን ደመወዟ ይቀራል። ሕፃን ያላት እናት የምታስቀምጥበት ትፈልጋለች። በእንዲህ ያሉ ቀኖች ላይ ሴት ጥቂት የምትሆነው ስለማትችል ሳይሆን፣ ብዙ ጊዜ ስለማይመቻት ነው። ለጋሾቻችንን የምንጠይቀውም ይህንኑ ነው። ትልቅ ገንዘብ አይደለም። ለቀኑ ልጆች የሚጠብቅ ሰው፣ መኪና ለሌላቸው የመጓጓዣ ወጪ፣ ምሳ፣ እና አባላት በየተራ የሚገለገሉባቸው ጥቂት ያገለገሉ ላፕቶፖች። እነዚህ ከተሟሉ ጠረጴዛው ይሞላል።

ከአባላት የምንፈልገው ደግሞ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ከዛሬ ጀምሮ ስልካችሁን በአማርኛ አድርጉትና ያልገባችሁን፣ ያስቀየማችሁን፣ ያሳቃችሁን ቃል ሁሉ በማስታወሻ ጻፉ። ያ ዝርዝር ለእኛ ወርቅ ነው። ሁለተኛ፣ ለሚቀጥለው ቀን ስማችሁን ለጸሐፊያችን ስጡ። ኮምፒውተር የማታውቅ ከምታውቅ አጠገብ ትቀመጣለች፤ አንዷ ትጽፋለች፣ አንዷ ትናገራለች።

ልጆቻችን ነገ አማርኛን የሚያነቡት ከመጽሐፍ ይልቅ ከስክሪን ላይ ነው። እዚያ የሚያገኙት አማርኛ እናቶቻቸውን የሚያከብር እንዲሆን ከፈለግን፣ ቃሉ ሲመረጥ እኛም መገኘት አለብን።