የቀርጤስ ድሆች ገበታ

(በካምፑ ጤና ጣቢያ ከተደረገ ንግግር)



ዛሬ የማነሣው በግሪክ አገር ስለምትገኘው ስለ ቀርጤስ ደሴት ምግብ ነው። ለራሽን የተሰለፈ ሰው የግሪክ ምግብ ምን ይጠቅመዋል እንዳትሉኝ፤ የዚያን ጊዜ የቀርጤስ ገበሬዎችም ድሆች ነበሩ።

አንሴል ኪይስ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ በሰባት አገሮች ከ12,000 በላይ ወንዶችን ለብዙ ዓመታት ተከታትሏል። በልብ በሽታ የሚሞተው ሰው በፊንላንድና በአሜሪካ ብዙ፣ በቀርጤስ ግን በጣም ጥቂት ሆኖ ተገኘ። ገበታቸው ዳቦ፣ ባቄላና ምስር፣ ከሜዳ የተለቀመ ቅጠል፣ ፍራፍሬና ብዙ የወይራ ዘይት ነበር። ሥጋ አልፎ አልፎ ነው። እንደ ብዙዎቻችን ኦርቶዶክሶች ስለሆኑ ጾማቸውም ረጅም ነው። በእርግጥ በእግር መሄዱና እርሻውም ድርሻ አለው፤ ሁሉን ለምግቡ አንሰጥም።

ዕፅዋት ከቪታሚን ሌላ ሰውነትን የሚጠቅሙ ንጥረ ነገሮች አሏቸው። ቲማቲምን የሚያቀላው ላይኮፒን፣ በካሮትና በጎመን ያለው ካሮቲን፣ ጥሩ የወይራ ዘይትን መረር የሚያደርጉት ፖሊፌኖሎች ከነዚህ ውስጥ ናቸው። ካሮቲን በሰውነታችን ወደ ቪታሚን ኤ ይለወጣል። ይህ ቪታሚን ሲጎድል ልጅ ዓይኑን እስከማጣት ይደርሳል።

ካሮቲንና ላይኮፒን ግን ያለ ቅባት ወደ ደም በደንብ አይገቡም። የቀርጤስ እናቶች በቅጠሉ ላይ ዘይት ሲያፈሱ የሚያጣፍጡት ብቻ መስሏቸው ይሆናል። ዘይቱን በሙሉ ሸጠን ጎመኑን በውሃ ብቻ ብንቀቅል ለልጁ የሚደርሰው ካሮቲን ያንሳል። የራሽኑ ዘይት የወይራ ስላልሆነ እነዚያን ፖሊፌኖሎች ከእሱ አትጠብቁ። ካሮቲኑን ለማድረስ ግን ያገለግላል፤ ለአንድ ልጅ ድርሻ አንድ የሻይ ማንኪያ ይበቃል።

ፖሊፌኖልም ቢሆን ሁልጊዜ ወዳጅ አይደለም። በሻይና በቡና ውስጥ ያለው ከምስርና ከክክ የምናገኘውን የብረት ማዕድን ያስቀራል። ደም ላነሳት እርጉዝ ሴት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሻይ ተዉ አልልም፤ ማን ይሰማኛል! ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ቆይታችሁ ጠጡ። ሎሚ ከተገኘ ደግሞ በምስሩ ላይ ጨመቅ አድርጉበት፤ ብረቱ በደንብ ወደ ደም እንዲገባ ይረዳል።

ምስር ሰጥቶ ስኳር መለወጥ የተለመደ ነው። ሳሙናውና ማገዶው ከየት ይምጣ ትሉኛላችሁ፤ እውነት ነው። መሸጥ ግድ ከሆነ፣ እርጉዝ ወይም ሕፃን ልጅ ያለበት ቤት ምስሩንና ዘይቱን በመጨረሻ ይንካ። አሁን ጥያቄያችሁን ልስማ።