ሳንቃ በር ወይስ ጊጭ?

እሷ፦ ለሰሜን ተራሮች ካምፖች በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ «ካምፑ እኩል ነው ሳንቃ በር ወይም ጊጭ ወይም ጨነቅ» ብለህ ብትጽፍ ምን ይሆናል?

እሱ፦ ከሦስቱ አንዱ ከሆነ ያልፋላ።

እሷ፦ የለም! «ደባርቅ» ብትለውም ያሳልፍሃል።

እሱ፦ ኧረ ባክሽ! ለምን?

እሷ፦ የሚያነጻጽረው ከሳንቃ በር ጋር ብቻ ነው። «ጊጭ» ለብቻው ቀረ፤ ባዶ ያልሆነ ጽሑፍ ደግሞ ለፓይተን ሁሌም እውነት ነው።

እሱ፦ እኛ በአፋችን እንዲያ ስንል እንግባባለን እኮ።

እሷ፦ እሱ አይገባውም። ሦስቱን በቅንፍ ሰብስበህ «ኢን» በል፤ ከውስጡ ይፈልጋል።

እሱ፦ «ካምፑ እኩል ነው»ን ሦስቴ ብደግመውስ? ለጀማሪ ግልጽ ነው።

እሷ፦ ይሠራል፤ ግን ይንዛዛል።

እሱ፦ ሦስት ምን አላት! ይልቅ አንዱ «ሳንቃበር» ብሎ ገጥሞ ቢጽፍስ?

እሷ፦ አያውቀውም። እሱንም ቅንፉ ውስጥ ጨምርለት።